በላፕቶፕ የታሰረ ኒካህ

ለመህሬ ላፕቶፕ እፈልጋለሁ ስል አጎቴ አብዱልበሲጥ የያዙትን የሻይ ብርጭቆ አስቀምጠው ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ቀልድ አለመሆኑን ለማጣራት ፊቴን አዩ። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደጉኝም፣ ለኒካህ የሚድሩኝም እሳቸው ናቸው። ወረታ ላይ የሩዝ መጋዘን አላቸው፤ በሕይወታቸው ዋጋው እየወረደ የሚሄድ ዕቃ ገዝተው አያውቁም።

"ልጄ፣ መህር እኮ ወርቅ ነው" አሉኝ። "ወርቅ መብራት ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም።"

"ወርቁን አድርጌ የት ልቀመጥ አጎቴ? እኔ ሥራ አለብኝ።"

መህር ሙሽራው ለሙሽሪት የሚሰጣት፣ ኒካህ ሲታሰር በምስክሮች ፊት ስሙ የሚጠራ፣ የእሷና የእሷ ብቻ የሆነ ንብረት ነው። ባል ያለ ፈቃዷ አይወስደውም፣ አማት አያዝበትም። ይህን ከመድረሳ ጀምሮ ስሰማ አድጌያለሁ፤ ወርቅ ያልፈለግኩትም ለዚሁ ነው። ማንም እጁን እንዳያስገባብኝ የምፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ሥራዬ ነበር፤ ሥራዬ ደግሞ የሚኖረው ላፕቶፕ ውስጥ ነው።

ሥራዬ የሰው ድምፅ ነበር። እየተናገሩ በስልክ ማጻፍ ዛሬ ብርቅ አይደለም፤ ስልኩ የሚሰማው ግን የአዲስ አበባን ሰው ነው። የወረታ ሩዝ ሻጭ ወይም የእንፍራንዝ ገበሬ ሲናገር የማይሆን ነገር ይጽፋል። እኔ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የምሠራው እነሱን የሚሰማ፣ ማንም በነጻ ወስዶ እንደፈለገ የሚያሻሽለው ፕሮግራም ነበር። ለዚህ ስል ገበያ ለገበያ እየዞርኩ ሰው ሳስወራ ከረምኩ። የቆላ ድባዋ ጤፍ ሻጭ የሻሽወርቅ ማይክሮፎኑን ስታይ "እኔ ለፍልፌ አንቺ ልትመረቂ!" ብላ አፌዘችብኝ፤ ከዚያ ከጤፉ ጀምራ እስከ ጎረቤቷ ፍቺ ድረስ ስታወራልኝ ዋለች። እንዲህ ያሉ ብዙ ሰዎች ነበሩኝ። ድምፃቸውን የያዝኩት ግን ቶሎ በሚመለስ የተውሶ ላፕቶፕ ስለነበር የራሴ ማሽን የግድ ያስፈልገኝ ነበር።

ያጨኝ ሰላህ ነው። አባቱ ሐጂ ሸረፈዲን ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ የኤሌክትሮኒክስ መሸጫና መጠገኛ ሱቅ አላቸው። የጠየቅኩትን መህር ሲሰሙ እንደ አጎቴ አልሳቁም፤ እንዲያውም ደስ አላቸው። "ከሱቃችን የወደድሽውን ምረጪ" አሉኝ። የወደድኩት ሁለት ሆነ፤ አንዱ ቀጭን፣ ሌላው ወፍራም።

ለምርጫው የጥናቴን አማካሪ መምህር ፍሬ ስብሐትን ይዤ ሄድኩ። ፍሬ ስብሐት የመሪጌታ ልጅ ነው፤ ክርክር ከቤቱ ይዞ የመጣው ነገር ስለሆነ ስለ ኮምፒውተር ሲያወራም ባላንጣ ፊቱ የቆመ ይመስለዋል። ሥራችን የሚሠራው ሊኑክስ በሚባለው ነጻ ሲስተም ስለሆነ ያንን የጫነበትን ፍላሽ አምጥቶ ቀጭኑ ላይ ሰካው። ሁሉ ነገር ወዲያው ታወቀ፤ ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ማይክሮፎኑ። ክዳኑን ዘግቶ ሲከፍተው ካቆመበት ቀጠለ። ወፍራሙ ላይ ሲሰካው ግን ዋይፋዩ አልታወቀም፤ ክዳኑ ሲዘጋ ይተኛል፣ ሲከፈት አይነቃም።

"ተመርጧል፤ እንሂድ" አለ ፍሬ ስብሐት።

"ቆይ እንጂ" አለ ሰላህ። ካቻቢቴ አንስቶ ወፍራሙን ገለበጠው፤ ብሎኖቹን ፈትቶ ሆዱን ሲከፍተው ጊዜም አልወሰደበት። "ይኸው ሜሞሪው፣ ይወጣል። ሃርድ ዲስክ ሁለት ይይዛል፣ ሁለቱም ይወጣሉ። ባትሪው፣ ኪቦርዱ፣ ማራገቢያው፣ የማይቀየር የለም። ያንተ ቀጭን ግን ሁሉም ነገሩ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ ባትሪው በሙጫ ተለጥፏል። መብራቱ መጥቶ ሄዶ አንድ ቀን ካቃጠለው መቅበር ነው።"

"እሷ የምትገዛው ልትፈታታው ነው ልትሠራበት?"

"ከሞተ በምን ትሠራለች?"

"ሶፍትዌሩ የደገፈው ማሽን ቶሎ አያረጅም። አምራቹ ቢረሳው እንኳ የሊኑክስ ሰዎች አይረሱትም። ያልደገፈው ግን አዲስ ሆኖም አሮጌ ነው፤ በየቀኑ ስትታገለው ትኖራለች።"

"ሶፍትዌር የተቃጠለ ሜሞሪ ይተካል? ንገረኛ!"

ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ከሁለት አንዱ ሞኝ ቢሆን ኖሮ ምንኛ ይቀለኝ ነበር! ላፕቶፕ ከእነ ነጻ ሶፍትዌሩ፣ ከእነ ብሎኑ የሚሠራበት አገር እንዳለ አንብቤያለሁ፤ እዚያ ያለ ሰው አይመርጥም፣ ይገዛል። እኛ የምንመርጠው በየቱ ብንጎዳ እንደሚሻለን ነው።

እኔም አሰብኩበት። ያልታወቀ ዋይፋይ ካርዱ ይቀየራል። ክዳኑ ሲዘጋ ተኝቶ የማይነቃ ከሆነ ክዳኑን አለመዝጋት ነው። የተቃጠለ ማዘርቦርድ ግን ከነሥራዬ ይዞኝ ይሄዳል። ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ መያዙም አጓጓኝ፤ አንዱ ቢሞት በሌላው ላይ ቅጂ ይኖረኛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የማገባው መሳቢያው ሁሉ በመለዋወጫ የተሞላ ቤት ነው። ወፍራሙን አልኩ። ፍሬ ስብሐት ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከተተና "የባልሽን ሱቅ ነው የመረጥሽው" አለኝ። እኔ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ኒካሁ ሲታሰር ሼኩ "መህሯ አንድ ላፕቶፕ" ብለው ሲጠሩ ሳሎኑ በሳቅ ሞላ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ "ከነቻርጀሩ ነው?" ብለው ጠየቁ። ሐጂ ሸረፈዲን "ከነቻርጀሩ፣ ከነቦርሳው!" አሉ፤ ሰው ሁሉ መረቀን።

ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ መኖር ጀመርን። ሰላህ ጥሩ ባል ነበር፤ ይህን ስናገር ማንም አላስገደደኝም። በገባሁ ሰሞን ሊኑክስ የሚያውቀው ዋይፋይ ካርድ አምጥቶ ቀየረልኝ። ክዳኑ እንዳይዘጋብኝ እኔ የታጠፈ ጨርቅ አስገባሁበት። ማታ ማታ ሊኑክስ ሳስተምረው እንደ ልጅ ይደሰታል። "ይህን ሁሉ በነጻ ነው የሰጡን?" ይለኛል ደጋግሞ፤ ነጋዴ ነውና ነጻ የሚባል ነገር አልዋጥለት ብሎ።

የነጋዴ ቤት ወግ ግን እኔ ካደግኩበትም የባሰ ሆኖ አገኘሁት። ዕቃ ያለ ሥራ ተቀምጦ ሲያዩ ያማቸዋል። የአጎት ልጅ ሱቅ የጎደለውን ከእነሱ መደርደሪያ ያነሣል፣ እነሱም ከእሱ ያነሣሉ። ፊርማ የለም፣ ጥያቄ የለም፣ የተወሰደው በሌላ ይመለሳል። ባዳ ቢያየው ዝርፊያ ይመስለዋል፤ ለእነሱ ግን ዝምድና ማለት ይህ ነው። ያልገባኝ፣ ካገባሁ በኋላ የእኔም ላፕቶፕ መደርደሪያው ላይ እንደ ወጣ መቆጠሩ ነው።

በጸጥታው ችግር መንገድ ተዘጋግቶ ዕቃ ከአዲስ አበባ መምጣት ሲያቅተው ሐጂ ሸረፈዲን በራችንን አንኳኩ።

"ልጄ፣ ላስቸግርሽ" አሉኝ። "የአንድ ክሊኒክ ማሽን ቆሞብናል፤ ሕሙማን እየጠበቁ ነው። ሜሞሪሽን ለጥቂት ቀን ብታውሽን።"

ሕሙማን ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? ሰጠሁ። ዕቃ ሲመጣ ከበፊቱ የሚበልጥ ሜሞሪ መለሱልኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ግን ባትሪዬን የወሰደው ሰላህ ነው፤ አልጠየቀኝም። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ አብሮ ድርግም ሲል ነው የነቃሁት። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ።

"መህሬ እኮ ነው! ማን ፈቀደልህ?"

"ማን ወሰደብሽ? ያው ጠረጴዛሽ ላይ አይደል? ባትሪ ነው፣ ይተካል" አለኝ፤ ከልቡ ግራ ገብቶት። ተካውም። እኔ ስጮህ እናቱ ሰምተው ኖሮ "ለባትሪ ብላ ባሏ ላይ ትጮሃለች" ተባለ። የተመለሰልኝ ባትሪ ከመጀመሪያው ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ፣ ቁጣዬን የሚረዳኝ ሰው አጣሁ።

በዚያው ሰሞን ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ሲመለስም የእኔን ድምፆች የሚሸከም አልነበረም። ዋናውን በአንዱ ዲስክ፣ ቅጂውን በሌላው አድርጌ እሠራ ነበር። ፍሬ ስብሐት "ለእኔም አንድ ቅጂ" እያለ ስለጎተጎተኝ የወረታውን ሰጠሁት፤ የቀረውን አጥርቼ ስጨርስ ላመጣለት ነበር። ከወረታ አልፎ ወደ ቆላ ድባና ወደ እንፍራንዝ መሄድ ደግሞ የማይታሰብ ሆነ። የወጣ ሰው በሰላም ይመለስ አይመለስ የሚያውቅ የለም። ቀደም ብዬ የቀዳሁት ድምፅ ያኔ ነው ዋጋው የገባኝ፤ ያለኝ ያው ነበር፣ ሌላ አይመጣም።

የጥናቴ ማስረከቢያ ሲቃረብ አያቴ ወረታ ላይ አረፉ። ከመሄዴ በፊት ሰላህን ፊት ለፊት አስቀምጬ "ይህን ላፕቶፕ እንዳትነኩብኝ። አደራ" አልኩት። "እሺ፣ አትጨነቂ" አለኝ፤ ግንባሬን ሳመኝ። ለቅሶ ተቀመጥኩ፣ ሶደቃው ወጣ፣ ተመለስኩ።

ላፕቶፑ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ክዳኑ በጨርቁ ላይ እንዳረፈ አገኘሁት። አስነሣሁት፤ ከወትሮው እጅግ ፈጥኖ ተነሣ። ሊኑክስ ነው፣ ግን አዲስ ነው፤ ስምሽን ጻፊ ይለኛል። ሰላህ ከሱቅ እየተጣደፈ መጣ፤ ፊቱ ፈክቷል።

"አየሽው? አዲስ ሃርድ ዲስክ ነው የገጠምሁልሽ። አንድ ሰው ማሽኑ ሞቶበት ከጎርጎራ በጀልባ መጣ፤ በእጃችን ዲስክ አልነበረም። የአንቺን ሰጠነው። ማግስቱን ዕቃ ገባ፤ ከበፊቱ እጥፍ የሚይዝ ነው ያስገባሁልሽ።"

"ሥራዬስ?"

"ሁለተኛው ላይ ቅጂ አለሽ አይደል? እሱን አልነካሁትም እኮ። ዋናውንም ቢሆን ዝም ብዬ አልሰጠሁ፤ ካንቺ በተማርሁት አጽድቼ ነው። ፎቶሽ አለበት፣ የሠርጋችን አለበት። የሚስቴን ገመና ለማያውቀው ሰው እሰጣለሁ?"

ሁለተኛውን ዲስክ ከፈትኩ። ባዶ ነው። ሰላህ ጎንበስ ብሎ የዲስኩን ስምና መጠን ከስክሪኑ ላይ አነበበ። እሱም አዲስ ነበር። ወደ ሱቁ ሮጠ፣ እኔም ተከተልኩት።

ሐጂ ሸረፈዲን ተረጋግተው ነገሩን። ሰላህ ለጁሙዓ ሲወጣ የወንድማቸው ልጅ መጥቶ ዲስክ ቢለምናቸው፣ የገባው ሁሉ ተሸጦ ስለነበር ሁለተኛውን አስወጥተው ሰጡት። ልጃቸው የመጀመሪያውን እንዴት አድርጎ እንዳጸዳው አይተው ስለነበር ለሱቁ ሠራተኛ "የሰው ሚስት ነገር አለበት፤ ልክ እንደዚያኛው አጽዳው" ብለው አዘዙ። ሌላ ዕቃ ሲገባ በአዲስ የተኩትም እሳቸው ናቸው። "ምን ጎደለ?" አሉኝ።

"ለምን አልደወላችሁልኝም? አንድ ጊዜ ብትደውሉ ምን ነበረበት!"

"ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ስለ ሃርድ ዲስክ ይጠየቃል እንዴ ልጄ?" አሉ። ነውር ነበር፤ እውነታቸውን ነው። ያጠፋኝ ክፋታቸው ቢሆን ኖሮ ጮኼ በወጣልኝ። ያጠፋኝ ጨዋነታቸው ነው፤ በጨዋ ሰው ላይ ደግሞ እንዴት እንደሚጮኽ አላውቅም።

በማግስቱ ፍሬ ስብሐትን ሐይቁ ዳር አግኝቼ ነገርኩት። መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ ከወሰዷቸው ሰዎች ይመለሳሉ ብዬ ተስፋ ስላደረግኳቸው ሁለት አሮጌ ዲስኮች ሳይሆን፣ ስላጸዱበት ፕሮግራም ነው። ስሙን ነገርኩት።

"በተራው መንገድ አጥፍተውት ቢሆን እንፈልገው ነበር" አለ። "ይኸኛው እያንዳንዷን ቦታ በላዩ ላይ ጽፎ ነው የሚያልፈው። ጥሩ ፕሮግራም ነው።"

"ጥሩ መሆኑንማ አውቃለሁ። ያስተማርሁት እኔ ነኝ።"

"ማስረከቢያውን አስራዝምልሻለሁ።"

"ተራዝሞስ? አንተ ጋ ያለው የወረታው ብቻ ነው፤ ቆላ ድባ በምን ልሂድ?"

ያን ቀጭኑን ብትመርጪ ኖሮ ብሎ ሊጀምር ሲል አየሁትና በዓይኔ ከለከልኩት። ውኃው ላይ አንድ ታንኳ ደረቅ ቄጠማ ጭኖ ወደ ከተማው ይቀዘፋል። እሱን እያየሁ ትምህርቴን ማቋረጤን ነገርኩት። ይህን ስናገር አላለቀስኩም፤ ቤቴ ስገባ ግን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ላፕቶፕ ሳየው ጠላሁት፣ የጠገነውንም ሰው አብሬ ጠላሁት።

አጎቴ ከወረታ መጡ። ከሐጂ ሸረፈዲንና ከሼኩ ጋር ተቀምጠው ነገሩን አዩት። እኔም ተጠርቼ ተናገርኩ፤ የተነካው መህሬ ነው አልኩ።

"ልጄ" አሉ ሐጂ ሸረፈዲን፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ "በኒካሁ የተጠራው ላፕቶፕ ነው። ላፕቶፑ ይኸው። ሜሞሪው ጨምሯል፣ ባትሪው ተሻሽሏል፣ ሃርድ ዲስኩ እጥፍ ሆኗል። መህርሽ ከፍ አለ እንጂ ዝቅ አላለም። ድምፅ የሚባል ነገር ሲጠራ እኔ አልሰማሁም።"

"የሰው ወሬ አይደል?" አሉ አጎቴ፣ ሊያባብሉኝ። "ሰው ከማውራት አይቦዝንም። መንገዱ ሲከፈት ሄደሽ ትቀጃለሽ።"

"ያን ቀጭኑን መርጠሽ ቢሆን ደግሞ፣" አሉ ሐጂ፣ "ይህን ሁሉ ማን ያድስልሽ ነበር?"

ሼኩ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰላህ ጥግ ላይ ተቀምጦ ወለሉን ያያል። አንዲት ቃል ከአፉ እጠብቅ ነበር፤ "የእሷ ነበር፣ አጠፋነው" እንዲል ብቻ። አባቱ ፊት አልደፈረም። ማታም ሲያገኘኝ የነገረኝ ከአሁን ወዲያ ላፕቶፑ ላይ ቁልፍ እንደሚያደርግልኝ ነው።

ኹልዕ ጠየቅኩ። ሴት ራሷ ትዳሩ ይቅርብኝ ስትል፣ የወሰደችውን መህር መልሳ የምትወጣበት መንገድ ነው። አጎቴ "ለሃርድ ዲስክ ብለሽ?" እያሉ ለመኑኝ። ሰላህ አልቅሶ ለመነኝ። ለሃርድ ዲስክ አይደለም አልኳቸው። በዚያ ቤት የእኔ የሚባል ነገር እንደሌለ ካወቅኩ በኋላ እዚያው ማርጀት አልቻልኩም። ማንም አልገባውም፤ እኔም ማስረዳት ደከመኝ።

በቀጠሮው ቀን ሁላችንም ሳሎን ተሰበሰብን። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት፣ ቻርጀሩን ጠቅልዬ ቦርሳው ላይ አስቀመጥኩ። ሼኩ ቃሉን አናገሩን፤ አለቀ። ሻንጣዬን ላነሣ ስል ሐጂ ሸረፈዲን እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙኝ።

"ሰላህ፣ እስቲ ክፈተው" አሉ። "ለእሷም ክብር ነው፤ ኋላ ጎደለ እንዳይባል።"

ሰላህ አባቱን አየ፣ እኔን አየኝ። ከዚያ ካቻቢቴውን ከኪሱ አውጥቶ ላፕቶፑን ገለበጠ። ብሎኖቹን ፈታ፣ ሆዱን ከፈተ። ሜሞሪውን ነካ፣ ባትሪውን ነካ፣ ሁለቱን ዲስኮች ነካ።

"ሙሉ ነው" አለ።

ሐጂ ሸረፈዲን አላህን አመስግነው አሰናበቱኝ። በዚያ ቤት ያ ላፕቶፕ ተከፍቶ ምንም ሳይወሰድበት የተዘጋው የዚያን ዕለት ብቻ ነው።